የት ላይ ነው የምትጠብቁት? ለአኒሜሽንና ለጌም የሚሆን የመጀመሪያ ኮምፒውተር አመራረጥ

የመጀመሪያ አኒሜሽኔ 12 ሰከንድ ነበር። አንዲት ልጅ ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላዋን ትከፍታለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የሠራሁት 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ምስል፣ ስለነበር 12 ሰከንዱ 288 ፍሬም ይሆናል። ላፕቶፑ አንዱን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላውን አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ለማውጣት፣ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስታባዙት ወደ 29 ሰዓት ይጠጋል። ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ 90ኛው ፍሬም ላይ አገኘዋለሁ። ሁሉም አልቆ ቪዲዮውን ስከፍት የጃንጥላው ጥላ በተሳሳተ በኩል ወድቋል። መብራቱን አስተካክዬ ሌላ 29 ሰዓት ጠበቅኩ። በዚያ ሳምንት ነው የራሴን ኮምፒውተር ለመገጣጠም የቆረጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሁለት ገጣጥሜያለሁ። ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ ደግሞ አምስት። ሰው ሲያማክረኝ ብዙ ጊዜ ጥያቄው "ስንት ኮር ልግዛ?" ወይም "የቱ ካርድ ይሻላል?" ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ አሁን ባለህ ኮምፒውተር የት ላይ ነው ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው? ዕቃ የምመርጠው ከዚህ መልስ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት መዝግቡ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ኮምፒውተሩ ባስጠበቃችሁ ቁጥር ምን እየሠራችሁ እንደነበር ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የቱ ዕቃ እስከ ጥግ እንደተወጠረ እዩ።

የመጨረሻው ሬንደር ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ግራፊክስ ካርድ ነው። ገጸ ባሕሪውን ስታንቀሳቅሱ እየተንቀረፈፈ ካስቸገራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ አኒሜሽኑን ስታጫውቱ የፍሬም ፍጥነቱ ከላይ በግራ በኩል ይታያል። 24 መሆን ሲገባው 9 ላይ ከወረደ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የፕሮሰሰሩ የአንድ ኮር፣ ማለትም ውስጡ ካሉት አስሊ ክፍሎች የአንዱ፣ ፍጥነት ነው። ምክንያቱም የአጥንት ስሌት ተከታትሎ የሚሄድ ነው። ትከሻው የት እንዳለ ሳይታወቅ ክንዱ አይታወቅም፤ ክንዱ ሳይታወቅ እጁ አይታወቅም። ስለዚህ ሥራውን ለ16 ኮር እኩል ማከፋፈል አይቻልም።

ሁለት ሶፍትዌር አብራችሁ ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ደርቆ የሚቀር ከሆነ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ራሙን ጠርጥሩ። ፋይል ለመክፈትና ጌም ለመጫን ብቻ ከሆነ የምትጠብቁት፣ ችግሩ ማከማቻው ላይ ነው።

ለጌም ቀላል መፈተሻ አለ። ጌሙ ሲቆራረጥባችሁ የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ የያዛችሁ ካርዱ ነው። ምንም ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩ ነው።

ጌምና አኒሜሽን በአንድ ካርድ ላይ ቢሠሩም የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ጌም ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ካልደረሰ ጥላውን ያቀላል፣ ዝርዝሩን ይቀንሳል፣ እንደምንም ያልፋል። ሬንደር ግን አያቻችልም። የብርሃኑን ጨረር እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ደጋግሞ ያሰላል፤ ደቂቃም ይፍጅ ሰዓት ግድ የለውም። ለጌም በቂ የሆነ ካርድ አኒሜሽን ላይ የሚያጥርባችሁ ለዚህ ነው።

ሥራችሁ በእጅ የሚሳል ባለሁለት ገጽታ አኒሜሽን ከሆነ ካርዱ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ገንዘቡን ራምና ጥሩ የሥዕል ታብሌት ላይ አውሉት።

ግራፊክስ ካርድ፦ ከፍጥነቱ በፊት ማህደሩን ተመልከቱ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው።

ካርድ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ፍጥነቱ ነው። ሌላው ቪራም የሚባለው የራሱ ማህደር ነው። የጌም ፈተና ውጤቶች የሚያሳዩት ፍጥነቱን ነው። አኒሜሽን ለሚሠራ ሰው ግን ቪራሙ መጀመሪያ ይመጣል። ካርዱ ሬንደር ሲያደርግ ሙሉ ትዕይንቱን፣ ማለትም ቅርጾቹን፣ የቆዳና የልብስ ምስሎቹን፣ ፀጉሩን ሁሉ ማህደሩ ውስጥ ማስገባት አለበት። ካልገባለት ወይ በጣም ይዘገያል፣ ወይ ማህደር አልቋል ብሎ ያቆማል። ዝግተኛ ካርድ ቢያዘገያችሁም ይጨርስላችኋል። ማህደሩ ያልበቃው ካርድ ግን ጭራሽ ላይጨርስ ይችላል።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ስፋቱ 4096 በ4096 የሆነ ምስል ዲስክ ላይ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ የታመቀ ስለሆነ ነው። ካርዱ ውስጥ ሲገባ ግን ይዘረጋል። ለእያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ስትይዙ 64 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ገጸ ባሕሪ ለፊት፣ ለልብስ፣ ለጫማና ለዓይን እንደዚህ ያሉ 10 ምስሎች ቢኖሩት ወደ 640 ሜጋባይት ሄደ ማለት ነው። ሦስት ገጸ ባሕሪ፣ ጀርባቸው ላይ ደግሞ አንድ መንደር ጨምሩበት። ቅርጹን ለማለስለስ የምንጠቀምበት ሰብዲቪዥንም አለ። ደረጃውን አንድ በጨመራችሁ ቁጥር የቅርጹ ገጾች በአራት ይባዛሉ። 8 ጊጋባይት እንዴት እንደሚያልቅ ያኔ ይገባችኋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በ1920 በ1080 ጌም ለመጫወትና ትናንሽ ትዕይንት ለመሥራት 8 ጊጋባይት ያስኬዳል። ከምር አኒሜሽን ልትሠሩ ከሆነ 12ን መነሻ አድርጉት። አቅም ካለ 16። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 በ2021 ሲወጣ 12 ጊጋባይት ነበረው። ተተኪው አርቲኤክስ 4060 በ2023 የወጣው በ8 ጊጋባይት ነው። አዲሱ ጌም ላይ ይፈጥናል። ትልቅ ትዕይንት የሚሸከመው ግን አሮጌው ነው። እኔ ሁለተኛውን ኮምፒውተሬን ስሠራ አሮጌውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ያቺን የጃንጥላ ትዕይንት እንደገና ሬንደር ሳደርጋት አንዱ ፍሬም 20 ሰከንድ ሆነ። ከ29 ሰዓት ወደ 96 ደቂቃ ማለት ነው። ያን ማታ ሦስት ጊዜ አስተካክዬ ሦስት ጊዜ ሬንደር አደረግኳት። ፍጥነት ለእኔ ዋጋው ይህ ነው፤ ስሕተትን በዚያው ቀን ማረም።

በጣም የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የካርዱን ስም አይታችሁ ብቻ አትግዙ። አርቲኤክስ 3060 በኋላ ላይ በ8 ጊጋባይትም ተሠርቷል። 4060 ቲአይና 5060 ቲአይም በ8 እና በ16 ይሸጣሉ። ስሙ አንድ ነው፣ ካርቶኑ ይመሳሰላል፣ ዕቃው ግን ለየቅል ነው። የጊጋባይቱን ቁጥር ካርቶኑ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ።

ኤንቪዲያ ወይስ ኤኤምዲ? ለጌም ብቻ ከሆነ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የኤኤምዲ ካርዶች ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ ቪራም ይሰጣሉ። ለአኒሜሽን ግን ሶፍትዌራችሁ ይወስናል። የብሌንደሩ ሬንደር ማድረጊያ ሳይክልስ ኤንቪዲያ ላይ ኦፕቲክስ በሚባለው መንገድ፣ ኤኤምዲ ላይ ደግሞ ሂፕ በሚባለው ይሠራል። ጌም ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ካርዶች ሬንደር ላይ ሲወዳደሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪዲያው ይቀድማል። ኤንቪዲያ ብቻ የሚቀበሉ ሬንደር ሶፍትዌሮችም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩበትን ሶፍትዌር የዕቃ መስፈርት አንብቡ። ለብሌንደር ደግሞ ኦፕን ዴታ የሚባል የራሱ የውጤት ገጽ አለ። ሰዎች በየካርዳቸው ሞክረው ያገኙት ነጥብ በነፃ ይታያል። እኔ ካርድ ሳማርጥ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለውም። ግን ሻጩ ፊታችሁ 20 ደቂቃ ከባድ ሥራ ያሠራው። ሙቀቱን እዩ፣ ፋኑን ስሙ፣ ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

ፕሮሰሰር

ካርዱ ሬንደሩን ከተሸከመ ፕሮሰሰሩ የሚቀርለት ገጸ ባሕሪውን ማንቀሳቀስ፣ ሲሙሌሽን (እንደ ውሃና ጭስ ያለውን እንቅስቃሴ ማስላት) እና ጌም ነው። ለጌም ብቻ 6 ኮር ይበቃል። ለሁለቱም 8 ኮር ጥሩ ሚዛን ነው። 12 እና 16 ኮር የሚያስፈልገው በፕሮሰሰር ሬንደር ለሚያደርግ ወይም ውሃና ጭስ ዘወትር ለሚያሰላ ሰው ነው። የኤኤምዲዎቹ እነ ራይዘን 7 5700ኤክስ እና ራይዘን 7 7700 ባለ 8 ኮር ናቸው፤ ሁለቱም 65 ዋት ተብለው የተመደቡ በመሆናቸው ለማቀዝቀዝ አያስቸግሩም። ስማቸው በኤክስ3ዲ የሚያልቅ ራይዘኖች ተጨማሪ ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደር፣ አላቸው። እሱ ጌምን በደንብ ያግዛል፤ ሬንደርን ግን ያን ያህል አያፈጥንም።

ከስሙ መጨረሻ ያለችውን ፊደል አትናቁ። የኢንቴል ፕሮሰሰር በኤፍ ካለቀ ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ካርዳችሁ አንድ ቀን ቢበላሽ ስክሪኑ ላይ ምንም አታዩም። ካርዱ ይሁን ማዘርቦርዱ ችግሩ፣ ለማወቅ ትቸገራላችሁ። ትንሽም ቢሆን የውስጥ ግራፊክስ ያለው ብትገዙ እመርጣለሁ።

ማዘርቦርድና ራም

ማዘርቦርድ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ሦስት ነገር ይግጠም፦ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት)፣ የራሙ ዓይነትና ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም)። በ2016 የመጣው የኤኤምዲ ሶኬት ኤኤም4 የሚወስደው ዲዲአር4 ራም ነው። በ2022 የመጣው ኤኤም5 ዲዲአር5 ብቻ ነው። የኢንቴሉ ሶኬት ኤልጂኤ1700 ላይ ግን ሁለቱም ዓይነት ቦርድ አለ። ዲዲአር4 ራም ዲዲአር5 ቦርድ ላይ አይገባም፤ ራሙ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ይለያያል።

ባዮሱን ችላ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አጥቻለሁ። ለአንድ ጓደኛዬ ቢ450 ቦርድና ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር ገጠምኩለት። ሶኬታቸው አንድ ነው። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ኬብል ነቅዬ ሰካሁ፣ ራም አቀያየርኩ፣ ለካ ቦርዱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የወጣ ነው። ባዮሱ አሮጌ ስለሆነ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። አሮጌ ፕሮሰሰር ተውሰን ባዮሱን ካደስን በኋላ ወዲያው ተነሳ። እናንተ ባዮስ ፍላሽባክ ያለበትን ቦርድ ፈልጉ። እሱ ካለ ያለ ፕሮሰሰርም በፍላሽ ዲስክ ይታደሳል። ኤም ዶት ቱ የሚባለው የኤስኤስዲ ማስገቢያም ቢያንስ ሁለት ይሁን። ዋይፋይ ከፈለጋችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሁሉም ቦርድ የለውም።

ራም 32 ጊጋባይት ይሁን፣ ባለ 16 ሁለት። አንድ ባለ 32 አትግዙ። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብባል፤ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። አራት ማስገቢያ ካለ ብዙ ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። የቦርዱን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩ። ካላበራችሁት ካርቶኑ ላይ 6000 ተብሎ የተጻፈ ራም በ4800 ሊሠራ ይችላል። ከፍላችሁበት ሳትጠቀሙበት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ

የመጀመሪያው ኮምፒውተሬ ላይ ከኬዙ (ከሳጥኑ) ጋር የመጣውን ፓወር ሰፕላይ ተጠቀምኩ። ጌም ስጫወት ምንም አላለም። ሬንደር ባስጀመርኩ በሦስተኛው ሰዓት ጭጭ። ካርዱን ጠረጠርኩ፣ ፕሮሰሰሩን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን ስቀይር ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። ጌም ላይ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሬንደር ግን ካርዱን ለሰዓታት ያለ እረፍት ይወጥረዋል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አርቲኤክስ 3060 የሚወስደው 170 ዋት ነው። 65 ዋት የሚባለው ራይዘን ሲወጠር እስከ 88 ዋት ይወስዳል። ለቦርዱ፣ ለዲስኩና ለፋኑ 60 ዋት ያዙ። ወደ 320 ዋት መጣ። ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈበት በላይ ስለሚጎትት ትርፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኔ 650 ዋት እገዛለሁ። ነገ ከፍ ያለ ካርድ ብታስገቡም ይሸከማል።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚነግራችሁ ምን ያህል ኃይል በሙቀት እንደማይባክን ነው። ጎልድ የሚባለው በግማሽ ጭነት 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለ ውስጡ ጥንካሬ ግን ምልክቱ ብቻውን አይመሰክርም። የዋስትናውን ዓመት እዩ፤ አምራቹ 7 ወይም 10 ዓመት ከሰጠ በዕቃው ይተማመናል ማለት ነው።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ኬብል ሌላው ላይ አትሰኩ። ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል። ውስጡ ግን የሽቦዎቹ አደራደር ሊለያይ ይችላል። ዲስክና ቦርድ በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል።

የቀረው

ለማከማቻ አንድ ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ጥሩ መነሻ ነው። በአሮጌው ሳታ መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ወደ 3,500፣ አራተኛው ወደ 7,000 ይደርሳል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በዕለት ሥራችሁ ብዙም አታስተውሉትም። ስለዚህ ርካሹን ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ወደ ቪራም አዙሩት። ያለቀ ሥራ የሚቀመጥበት ተራ ሃርድ ዲስክ ለብቻው ይኑራችሁ።

ከዕቃ ውጭ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር። ሬንደር ስታደርጉ በቀጥታ ቪዲዮ አታስወጡ። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ በፒኤንጂ ምስል አስወጡና በኋላ አያይዟቸው። መሐል ላይ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ከሆነ ግን ሁሉም ሊበላሽ ይችላል።

ኬዝ ስትመርጡ የካርዱን ርዝመትና የኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ቁመት በሚሊሜትር አወዳድሩ። ኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት ይሁን። ሁለት ፋን ከፊት አየር ያስገባ፣ አንድ ከኋላ ያስወጣ።

ሞኒተሩ አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ይሁን፤ ኤስአርጂቢ የሚባለውን መደበኛ የቀለም ክልል ሙሉ ያሳይ። ቀለሙን የማያሳይ ስክሪን ላይ የመረጣችሁት ሰማያዊ ሌላ ሰው ዘንድ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል። 144 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ፣ ለጌም ደስ ይላል። ዊንዶውስ ላይ ገብታችሁ ግን ራሳችሁ ምረጡት፤ 60 ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ገንዘቡን እኔ የማከፋፍለው እንዲህ ነው። ከሲሶ እስከ 40 በመቶው ለካርዱ። ፕሮሰሰሩና ቦርዱ ተደምረው ከካርዱ አይብለጡ። ካጠረኝ የምተወው ባለ ቀለም መብራቱን፣ የውሃ ማቀዝቀዣውንና ውዱን ቦርድ ነው። ፓወር ሰፕላዩንና ቪራሙን አልነካም።

የመጀመሪያው ሌሊት

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። ሁሉንም ኬዝ ውስጥ ከማሰራችሁ በፊት ቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጡና ፕሮሰሰሩን ከነኩለሩ፣ ራሙንና ካርዱን ሰክታችሁ አስነሱት። ከተነሳ በኋላ ኬዙ ውስጥ አስገቡ። የሞኒተሩን ኬብል ካርዱ ላይ ስኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካችሁት የገዛችሁት ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ብሌንደር ካርዱን በራሱ ላይመርጥ ይችላል። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሲስተም የሚለው ገጽ ላይ ካርዱን ምረጡ። ሬንደር ማስተካከያው ላይ ደግሞ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚለውን ወደ ጂፒዩ (ካርዱ) ቀይሩ። አንድ ዘመዴ ሁለት ወር ሙሉ በፕሮሰሰሩ ብቻ ሬንደር ሲያደርግ ኖሮ፣ ይህንን የቀየርንለት ቀን አቅፎኛል።

በመጨረሻ ዕቃው የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ፈትኑት። አንድ ሰዓት ጌም ተጫወቱ። ማታ ከባድ ትዕይንት ሬንደር እያደረገ ይደር። ጠዋት ሁሉም ፍሬም መኖሩን ቁጠሩ፤ ሙቀቱ እስከ ስንት እንደወጣ ጻፉ። አንድ ፍሬም እንኳ ከጎደለ ወይም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካደረ ካርቶኖቹን ሳትጥሉ ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ።